ምርጫ ግዴታ ይሁን ለምትሉ ወዳጆቼ

የምርጫ ወሬ በተነሳ ቁጥር አንድ ሐሳብ ደጋግሞ ፌስቡኬ ላይ ይመጣል። «ሕዝቡ ምርጫን ንቆ ቤቱ ተቀምጧል፤ እንደ አውስትራሊያ በሕግ ይገደድ፤ ያልመረጠ ይቀጣ» የሚል። ሐሳቡን የሚያነሱት ነገር ፈላጊዎች አይደሉም። የማከብራቸው፣ ላገራቸው የሚቆረቆሩ ሰዎች ናቸው። አንዳንዶቹ በውስጥ መስመር «አንተ እዚያው ነህና እስኪ ንገረን፤ እውነት ይሠራል ወይ?» ብለው ጠይቀውኛል። በሁለት መስመር የሚመለስ ስላልሆነ እዚህ ልጻፈው። ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

መልሴን ከፊት ላስቀምጠው። እዚህ ሜልበርን ይሠራል፤ እኔም እደግፈዋለሁ። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ነገ ጠዋት ቢታወጅ አጥብቄ እቃወማለሁ። «ለፈረንጅ ይሆናል፣ ለእኛ አይሆንም» ከሚል ንቀት የመጣ እንዳይመስላችሁ። አውስትራሊያ ውስጥ ግዴታው መጀመሪያ የወደቀው መንግሥት ላይ ነው፤ ዜጋው ላይ የመጣው በመጨረሻ ነው። እኛ ጋ የሚታሰበው ከመጨረሻው መጀመር ነው። ክርክሬ ይኸው ነው።

እስኪ በመጀመሪያ እዚህ ነገሩ እንዴት እንደሚሄድ ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው የሚስለው ፖሊስ በር ሲያንኳኳ ነውና።

18 ዓመት የሞላው የአውስትራሊያ ዜጋ ሁሉ በመራጮች መዝገብ መግባትና መምረጥ አለበት። ዜግነት ያልወሰደ ነዋሪ አይመርጥም። የፌዴራል ምርጫ ሁልጊዜ ቅዳሜ ነው። ጣቢያው የሰፈር ትምህርት ቤት፣ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ ወይም የማኅበረሰብ ማዕከል ነው፤ እኔ ካለሁበት በእግር አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ግቢው ውስጥ የተማሪ ወላጆች ለትምህርት ቤቱ ገንዘብ ለማሰባሰብ ቋሊማ ጠብሰው በዳቦ ጠቅልለው ይሸጣሉ። ይቺ ቋሊማ ከምርጫ ጋር እንዲህ ተጣብቃ ቀርታ «የዴሞክራሲ ቋሊማ» የሚለው አባባል እ.ኤ.አ. በ2016 የአውስትራሊያ የዓመቱ ቃል ተብሎ ተመርጧል። ቅዳሜው ጾም ላይ ካልዋለ እኔም አልቀርም።

ሥራ ላለበት ቀደም ብሎ የሚመረጥባቸው ቀናት አሉ። መንቀሳቀስ ለማይችል በፖስታ ይላክለታል። ሆስፒታልና የአረጋውያን መኖሪያ ቤቶች ድረስ ኮሮጆ ይዘው የሚዞሩ ሠራተኞች አሉ። በረሃ መሐል ላሉ ትናንሽ መንደሮችም እንዲሁ፤ አንዳንዱ ጋ በትንሽ አውሮፕላን ነው የሚደረሰው። እንግሊዝኛ ለሚቸግረው በስልክ አስተርጓሚ ይቀርባል።

ጣቢያው ስትደርሱ ስማችሁ ከመዝገቡ ላይ ይሰረዛል፣ ወረቀት ይሰጣችኋል፣ ካርቶን ከለላ ሥር ገብታችሁ በእርሳስ ትሞላላችሁ። እዚያች ከለላ ውስጥ ምን እንደምትሠሩ ማንም አያይም። ባዶውን አጥፋችሁ ብትከቱት፣ የድመት ሥዕል ብትሥሉበት፣ «ሁላችሁም ሌቦች ናችሁ» ብላችሁ ብትጽፉበት የሚያውቅ የለም። በየምርጫው ከመቶ አምስት ያህሉ ወረቀት በስህተትም ሆነ በቁጣ ዋጋ የሌለው ሆኖ ይቆጠራል። ስለዚህ በተግባር የምትገደዱት እስከ ከለላው ድረስ ነው። ከከለላው በኋላ ነፃ ናችሁ።

ቅጣቱስ? በፌዴራል ምርጫ 20 ዶላር። ፉትስክሬይ ወርዳችሁ አንድ በያይነቱ የምትበሉበት ገንዘብ።

አንዲት ወዳጄ ለለቅሶ አዲስ አበባ ሄዳ ሳለ ምርጫው አለፈ። ስትመለስ ፖስታ ጠበቃት። «መንግሥት ከሰሰኝ» ብላ በምሽት ደወለችልኝ፤ ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል። መቼም እኛ ማኅተም ያለበት ፖስታ ስናይ መጀመሪያ የሚታየን እስር ቤት ነው። ሄጄ አብረን አነበብነው። የሚለው ይህንኑ ነው፦ መዝገባችን ላይ የመረጡ አይመስልም፤ መርጠው ከሆነ ይንገሩን፤ በቂ ምክንያት ካለዎት ይጻፉልን፤ ካልሆነ 20 ዶላር ይክፈሉ። አገር ውስጥ አልነበርኩም ብላ ጻፈች። በዚያው አለቀ። ቤቷ የመጣ ሰው የለም፤ መሥሪያ ቤቷ የደወለ የለም፤ የኮንዶሚኒየም ዕጣዋን የሰረዘ የለም።

ይቺን ደብዳቤ ያዙልኝ፤ ወደ በኋላ እመለስባታለሁ።

አሁን ደግሞ ታሪኩ፣ በተለይ ቅደም ተከተሉ። ቀናቱ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።

በቪክቶሪያና በታዝማኒያ የምስጢር ድምፅ የተጀመረው በ1856 ነው። ከዚያ በፊት መራጩ በአደባባይ፣ ጌታውም አሠሪውም እየሰማ ነበር «እገሌን» የሚለው። መንግሥት ራሱ ወረቀቱን አሳትሞ፣ ለብቻ የሚሞላበት ቦታ አዘጋጅቶ ማቅረቡ ያኔ አዲስ ነገር ነበር፤ አሜሪካኖች ሳይቀሩ ሲቀዱት «የአውስትራሊያ ወረቀት» ብለው ጠሩት። በ1911 ሰው ሁሉ እንዲመዘገብ ታዘዘ፤ በዚያው ዓመት የምርጫ ቀን ቅዳሜ እንዲሆን በሕግ ተወሰነ። በ1915 ኩዊንስላንድ ለክፍለ ግዛቷ ምርጫን ግዴታ አደረገች። የፌዴራሉ ሕግ የመጣው በ1924 ነው፤ ኸርበርት ፔይን የተባለ የታዝማኒያ ሴናተር አቅርቦት ብዙ ክርክር ሳይነሳበት አለፈ። በ1922 ከተመዝጋቢው ድምፅ የሰጠው 60 በመቶ አይሞላም ነበር። በ1925 ከ91 በመቶ በላይ ሆነ። ከዚያ ወዲህ መቶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ በ2022 ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ከ90 በመቶ ትንሽ ዝቅ ያለው።

እንግዲህ ቁጠሩት። ከምስጢር ድምፁ እስከ ግዴታው 68 ዓመት። መጀመሪያ መራጩን ከጌታው ዓይን ሰወሩት። ቀጥሎ ስሙን መዘገቡ፣ ቀኑን አመቻቹለት። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው «በል እንግዲህ ምክንያት የለህም፤ ና» ያሉት።

ሁሉም ነገር ያማረ ነበር እያልኩ አይደለም። ሕጉ በወጣ ማግሥት ጀድ የሚባል የሶሻሊስት ፓርቲ ሰው አልመርጥም ብሎ ተከሰሰ። መከራከሪያው «የቀረቡት ዕጩዎች ሁሉ ካፒታሊዝምን የሚደግፉ ናቸው፤ የእኔን ሐሳብ የያዘ የለም፤ ማንን ልምረጥ?» የሚል ነበር። ጉዳዩ እስከ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ደረሰና በ1926 ተፈረደበት፤ ዕጩ አለመውደድ በቂ ምክንያት አይደለም ተባለ። አንድ ዳኛ ግን በልዩነት ወጥቷል። እኔም ብሆን ከዚያ ዳኛ ጋር የምቆም ይመስለኛል።

ከዚህ የባሰም አለ። ነጩን ሁሉ «ግዴታህ ነው» እያለ የሚቀጣው ይህ ሕግ የአገሪቱን ነባር ሕዝቦች ለብዙ ዘመን ከነጭራሹ አላያቸውም። አቦርጂኖች ሁሉ በፌዴራል ምርጫ እንዲመርጡ የተፈቀደላቸው በ1962 ነው፣ ያውም በፈቃደኝነት። እንደ ሌላው ዜጋ እኩል መብትም ግዴታም ያገኙት በ1984 ነው። አንድ አገር ማንን «ግዴታ አለብህ» እንደሚል ማየት ማንን ሰው አድርጎ እንደሚቆጥር ያሳያል።

ታዲያ ለምን ትደግፈዋለህ ትሉኝ ይሆናል።

የምደግፈው በፖለቲከኞቹ ላይ በሚያመጣው ለውጥ ነው። አሜሪካ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። እዚያ ምርጫው ማክሰኞ ነው፤ ሁለት ሥራ የሚሠራ፣ ታክሲ የሚያሽከረክር፣ ሌሊት ፓርኪንግ የሚያድር ሐበሻ ማክሰኞ ቀን ሰልፍ ይዞ እንዲቆም ይጠበቃል። ፓርቲዎቹ ብዙ ገንዘብ የሚያፈሱት የራሳቸውን ሰው ከቤት ጎትቶ ለማውጣት ነው። የሌላው ወገን ሰው ቤቱ ቢቀርላቸው ደግሞ ደስታቸው ነው፤ መታወቂያ አምጣ፣ ጣቢያው ተዘግቷል፣ ስምህ ከመዝገብ ወጥቷል እያሉ ማጉላላት ድምፅ ያተርፋል። እዚህ ይህ ጨዋታ አያዋጣም። ሁሉም ሰው እንደሚመጣ ይታወቃል። የመንግሥት ፎቅ ቤቶች ውስጥ የምንኖር ስደተኞች፣ የጽዳት ሠራተኞች፣ ገና 18 የሞላቸው ልጆች፣ ሁላችንም እንመጣለን። ስለዚህ ዕጩው ፎቅ ቤቶቹ ድረስ ይመጣል። ሊፍት ተበላሽቶ ስድስት ወር የቆየበትን ሕንፃ ደረጃ በእግሩ ሲወጣ አይቻለሁ፤ ላብ በላብ ሆኖ። ድሃው የማይመርጥ ቢሆን ኖሮ ያን ደረጃ ማን ይወጣው ነበር?

ሌላም አለ። መንግሥት «ና፤ ባትመጣ እቀጣሃለሁ» ካለ፣ መንገዱን የመጥረግ ዕዳ የእርሱ ነው። ሰልፉ ሦስት ሰዓት ከፈጀ ተጠያቂው እሱ ነው። ጣቢያ ካላቆመ ሊቀጣኝ አይችልም። ያዛዥ ዕዳ ይባላል ይሄ። አዲሱ አማች «ና ምሳ ብላ» ብሎ ጠርቶ ቤቱን ቆልፎ እንደሚሄደው አይነት ነገር እዚህ አያስኬድም።

ቺሊም ሌላ ትምህርት ናት። እ.ኤ.አ. በ2012 ግዴታውን አነሱት። በ2021 የፕሬዚዳንት ምርጫ የመጀመሪያ ዙር ከግማሽ በታች ሕዝብ ነው የወጣው። በ2022 አዲሱን ሕገ መንግሥት በሕዝበ ውሳኔ ሲያቀርቡ መልሰው ግዴታ አደረጉት፤ 86 በመቶ ገደማ ወጣ። እና ምን ሆነ? ረቂቁ 62 በመቶ በሚሆን ድምፅ ወደቀ። ፖለቲከኞቹ ደንግጠው ቀሩ። ቤቱ የሚቀረው ሰው አስተሳሰቡ ከሚወጣው ሰው ጋር አንድ ነው ብለው አስበው ነበር። ረቂቁ ጥሩ ይሁን መጥፎ የእኔ ጉዳይ አይደለም። ግን ያ ሁሉ ሕዝብ ሳይጠየቅ ሕገ መንግሥት ቢጸድቅ ኖሮ የማን ይሆን ነበር?

በተቃራኒው የሚነሳው ትልቁ ነገር «የማያውቅ ሰው ተገዶ ገብቶ ድምፁን ያበላሻል» የሚለው ነው። እውነት አለው። እዚህ «የአህያ ድምፅ» የሚሉት አለ፤ ይቅርታ፣ ስድቡ የእኔ አይደለም፣ እነሱ ናቸው ያሉት። የዕጩዎቹን ስም ሳያነብ ከላይ ወደ ታች 1፣ 2፣ 3፣ 4 እያለ ቁጥር የሚሰጥ ሰው ነው። (እዚህ አንድ ሰው ብቻ መርጦ መውጣት የለም፤ ዕጩዎቹን ሁሉ በቅደም ተከተል ቁጥር መስጠት ነው።) ከላይ የተጻፈው ዕጩ በነፃ ድምፅ ስለሚያገኝ ከ1984 ጀምሮ የስም ቅደም ተከተሉ በዕጣ ይወጣል። እንዲህ የሚያደርጉ ሰዎች በግሌ አውቃለሁ፤ አንዱ የአጎቴ ልጅ ነው፤ ይህን ጽሑፍ እንደሚያነብም አውቃለሁ። ግን በፈቃዱ ወጥቶ የሚመርጠውስ ሁሉ ማኒፌስቶ አንብቦ ነው እንዴ? በዘር፣ በመልክ፣ በማልያ ቀለም የሚመርጠው ስንት ነው? ይህ ክርክር እኔን ብዙ አያሳምነኝም፤ አልፈዋለሁ።

አሁን ወደ እኛው።

ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር ይባላል። የአውስትራሊያን ሕግ ለኢትዮጵያ የሚመኙ ወዳጆቼ አንድ ነገር የረሱ ይመስለኛል። የግዴታ ምርጫ የሚያድነው በሽታ የመራጭ ማነስ ነው። በእኛ የምርጫ ታሪክ ውስጥ፣ ቢያንስ በወረቀት ላይ፣ ይህ በሽታ ታይቶ ያውቃል ወይ?

በ1979 የደርግ ሕገ መንግሥት ለሕዝበ ውሳኔ ሲቀርብ መንግሥት የነገረን 96 በመቶ ሕዝብ ወጣ፣ 81 በመቶው ደገፈ የሚል ነው። በ2002 ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 መቀመጫ 545 ሲወስዱ ድምፅ የሰጠው ከተመዝጋቢው ከ90 በመቶ በላይ ነው ተባለ። በ2007 ደግሞ ከ547ቱ 547ቱንም ወሰዱ፤ የመራጩ ቁጥር አሁንም ከ90 በላይ። አውስትራሊያ በመቶ ዓመት ቅጣት ያገኘችውን ቁጥር እኛ ያለ አንድ ብር ቅጣት አግኝተነዋል። እንኳን ደስ ያለን።

ሕጋችን ምርጫን ግዴታ አድርጎት አያውቅም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 38 የሚለው መብት ነው ብሎ ነው። በተግባር ግን ስንቶቻችን መብት ሆኖ ተሰምቶን ያውቃል? በ2007 ከዚህ ደውዬ አክስቴን «የመራጭነት ካርድ አወጣሽ ወይ?» አልኳት። «አወጣሁ እንጂ» አለችኝ። «ማንን ልትመርጪ ነው?» ስላት ዝም አለች፤ የስልኩ መስመር የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «አይ ልጄ፣ እኔ ካርዱን ያወጣሁት ከሸማቾች ስኳርና ዘይት እንዳይቀርብኝ ነው» አለችኝ። ማን እንደነገራት ጠየቅኳት። ማንም አልነገራትም። የአንድ ለአምስቷ ተጠሪ «እትዬ፣ እርስዎ ብቻ ነዎት የቀሩት» ብላ ሁለቴ መጥታለች፤ በቃ። አክስቴ የቀረውን ራሷ ተረድታዋለች።

ግዴታ ማለት እንግዲህ እንዲህም ይጻፋል። የነጋሪት ጋዜጣ አያስፈልገውም።

ያቺን የወዳጄን ደብዳቤ ያዙልኝ ብያችሁ ነበር። ደብዳቤዋን የላከው የምርጫ ኮሚሽኑ ነው። ኮሚሽኑ ያልመረጡ ሰዎች ስም ዝርዝር አለው፤ በዚያ ዝርዝር የሚሠራው ነገር ፖስታ መላክና 20 ዶላር መሰብሰብ ነው። አሁን ያንን ዝርዝር ወደ እኛ አገር አምጡት። «በዚህ ወረዳ፣ በዚህ ቀበሌ፣ በዚህ የቤት ቁጥር፣ ያልመረጡ ሰዎች» የሚል ሕጋዊ ሰነድ። ማን እጅ ነው የሚገባው? ቅጣቱን ማን ነው የሚሰበስበው? ምርጫ ቦርድ በየቀበሌው የራሱ ቋሚ ሠራተኛ የለውም፤ ቅጣት ልሰብስብ ካለ ወደ አስተዳደሩ መውረዱ አይቀርም። መታወቂያ የሚያድሰው፣ የነዋሪነት ማስረጃ የሚጽፈው፣ ቦታና ቤት የሚያውቀው፣ ማን ከማን ጋር እንደሚገባ እንደሚወጣ የሚያውቀው እሱ ነው። ያ ዝርዝር እጁ ሲገባ «ያልመረጡ ሰዎች» መባሉ ቀርቶ «የማይፈልጉን ሰዎች» ይሆናል። ቅጣቱ 20 ብር ይሁን 200 ብር ለውጥ የለውም። የሚያስፈራው ዝርዝሩ ነው።

«ባዶ ወረቀት መክተት ይችላል እኮ» ትሉኛላችሁ። ይችላል፣ ከለላው ውስጥ ማንም እንደማያየው ካመነ። አክስቴ ታምናለች? የእናንተስ አክስት? የምስጢር ድምፅ በአዋጅ ቁጥር 1162/2011 ላይ ተጽፎ አለ፤ ጥሩ ሕግ ነው። ነገር ግን ምስጢር የሚሆነው ሰው ሲያምነው ነው። እነዚህ ሰዎች 68 ዓመት የፈጀባቸው ሕጉን መጻፍ አልነበረም።

ግብፅን እዩ። እዚያ መምረጥ በሕግ ግዴታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 አልሲሲ ሲወዳደሩ ጠንከር ያሉት ተወዳዳሪዎች አንድ በአንድ ከሜዳው ወጡ፤ በመጨረሻ የቀረው ተቀናቃኝ ራሱ ቀደም ሲል አልሲሲን ሲደግፍ የነበረ ሰው ነው። ያልመረጠ 500 ፓውንድ ይቀጣል ተብሎ ተነገረ። ይህም ተብሎ የወጣው 41 በመቶ ገደማ ነው። አልሲሲ 97 በመቶ አገኙ። የሚገርመው ሌላው ነው፤ ሆን ተብሎም ሆነ በስህተት የተበላሸው ወረቀት ተቀናቃኙ ካገኘው ድምፅ ከእጥፍ በላይ ነበር። ማለትም ሁለተኛ የወጣው የተበላሸ ወረቀት ነው። የተገደደ ሕዝብ የሚመርጠው ሲያጣ እንዲህ ነው የሚናገረው።

እዚህ ላይ ነው ከወዳጆቼ ጋር ዋናው ልዩነታችን። እነሱ ቤቱ የቀረውን ሰው ሰነፍ ወይም ግድየለሽ አድርገው ያዩታል። እኔ ብዙውን ጊዜ የሚታየኝ ድምፅ የሰጠ ሰው ነው። ዕጩው አንድ በሆነበት፣ ተቃዋሚው በታሰረበት ወይም በተሰደደበት፣ ውጤቱ አስቀድሞ በሚታወቅበት ወረዳ ቤት መቀመጥ የመጨረሻው የቀረ ምርጫ ነው። ያንን በሕግ ስትከለክሉት ለዴሞክራሲ መራጭ አልጨመራችሁለትም፤ ለአሸናፊው ማጨብጨቢያ ነው የጨመራችሁለት።

ሰው መምረጥ ሲፈልግ ማንም ሳይገፋው እንደሚወጣ ደግሞ አይተናል። ግንቦት 7 ቀን 1997ን ያየ ሰው ይነግራችኋል። ገና ሳይነጋ፣ በጋቢና በነጠላ ተጠቅልለው፣ አሮጊቱ በርጩማ ይዘው፣ እስከ ማታ። ማን ቀጣቸው? ማን ስኳር ሰጣቸው? ድምፃችን ይቆጠራል ብለው ስላመኑ ነው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ዛሬ ቤቱ የቀረውን ሰው «ሰነፍ» ከማለታችን በፊት ያንን ብናስታውስ መልካም ነው።

ሰኔ 14 ቀን 2013ም ቢሆን ሰዉ ሰልፍ አልፈራም። ከ37 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመዝግቦ ነበር፤ አዲስ አበባ ውስጥ ሰልፉ ስላላለቀ ሰዓቱ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ተራዘመ። ግን በዚያው ቀን ትግራይ ውስጥ ምርጫ አልነበረም። ሶማሌና ሐረሪ እስከ መስከረም 2014 ቆዩ። ሌሎችም በጸጥታ ምክንያት ሳይመርጡ የቀሩ የምርጫ ክልሎች ነበሩ። እስኪ ያኔ የግዴታ ሕግ ነበረ እንበል። ማን ይቀጣ? ተፈናቅሎ መጠለያ ውስጥ ያለው ገበሬ? ኮሮጆ ያልደረሰው ወረዳ ነዋሪ? እዚህ አገር መንግሥት ለአንዲት በረሃ ውስጥ ላለች መንደር አውሮፕላን ይልካል፤ ግዴታው የሁለቱም ስለሆነ። እኛ ጋ የመንግሥቱ ግዴታ ሲቀር የሚጠይቀው የለም፤ የዜጋው ሲቀር ግን ቅጣት ይጻፍ ነው እየተባለ ያለው።

«አንተ ዳያስፖራ ነህ፤ ምን አገባህ» የሚል እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ቀድሜ ልመልስ። የዜግነት ሕጋችን ሁለት ዜግነት አይፈቅድም፤ የአውስትራሊያን ስወስድ የኢትዮጵያው በሕግ ቀርቷል። ስለዚህ እዚያ መምረጥ አልችልም፤ ሕጉ ቢወጣም የሚቀጣኝ የለም። የሚቀጡት አክስቴና የእህቴ ልጆች ናቸው። ያገባኛል የምለው በእነሱ በኩል ነው።

ታዲያ ምን ይሁን? እኔ የሕግ ባለሙያ አይደለሁም፤ ግን ግዴታ የምትፈልጉ ከሆነ ከመንግሥት ጀምሩት። መራጩ በየምርጫው እንደ አዲስ ተሰልፎ ካርድ ከሚያወጣ አንድ ጊዜ ተመዝግቦ የሚቆይበት፣ ቁልፉ በአስተዳደሩ ሳይሆን በምርጫ ቦርድ እጅ የሆነ መዝገብ ይኑር። ጣቢያ ያላቆመ፣ ኮሮጆ ያላደረሰ ኃላፊ ይጠየቅ። «ካርድ አውጥተሃል?» ብሎ አገልግሎት የከለከለ ሠራተኛ ይቀጣ፤ ሲቀጣም በቴሌቪዥን እንየው። ወረቀቱ ላይ ደግሞ «ማንንም አልመርጥም» የምትል አንዲት ሳጥን ትጨመር። ሕንዶች እ.ኤ.አ. በ2013 በጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው ውሳኔ ጨምረዋታል፤ መምረጥ እዚያ ግዴታ አይደለም፣ ሰዉ ግን በገዛ ፈቃዱ ሄዶ «አንዳችሁንም» ብሎ ይመለሳል፣ ድምፁም ተቆጥሮ ይነገራል። ይህቺ ሳጥን በ2007 ብትኖር ኖሮ 547 ከ547 የሚለው ዜና አጠገብ ሌላ ቁጥር ይነበብ ነበር። ስንት እንደሚሆን የምር ማወቅ እፈልግ ነበር።

እነዚህ ተሟልተው፣ አክስቴ ከለላው ውስጥ የምትጽፈውን ማንም እንደማያይ አምና፣ ስለ ዕጩ ስጠይቃት በስልክ ድምፅዋን ዝቅ ሳታደርግ የመለሰችልኝ ዕለት፣ የግዴታውን አዋጅ ረቂቅ ይዛችሁ ኑ። እኔም እፈርምላችኋለሁ፤ 68 ዓመት እንድትጠብቁም አልፈልግም።

በ2007ም ሆነ በ2013 በምርጫ አስፈጻሚነት ወይም በታዛቢነት የሠራችሁ ካላችሁ ያያችሁትን ከታች ጻፉልኝ፤ በተለይ ከአዲስ አበባ ውጭ የነበራችሁ። ስማችሁን መጥቀስ የማትፈልጉ በውስጥ መስመር ላኩልኝ። የምትቃወሙኝም ጻፉ፣ ሁሉንም አነባለሁ፤ ስድብ ግን አጠፋለሁ። የአጎቴ ልጅ፣ አንተም ብትሆን።